ከፎርማት በፊት ያለው ሥራ

ወደ እኔ የሚመጣ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን አይነግረኝም፤ መፍትሔውን ራሱ ወስኖ ነው የሚመጣው። «ፎርማት አድርግና ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ» ይላል። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ካቆመ ወዲህ ደግሞ ይህን የሚለኝ ሰው በርክቷል። መጫኑ ከባድ አይደለም። ፍላሽ ሰክቶ «ቀጥል» የሚለውን መንካት ማንም ጎረምሳ ይችለዋል። ሙያው ያለው ከዚያ በፊት ነው፤ ማሽኑን በማየትና ባለቤቱን በመጠየቅ።

መጀመሪያ የማየው ፕሮሰሰሩን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ የማገኘው ላፕቶፕ ባብዛኛው ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሲሠራበት ቆይቶ የመጣ ዴል ላቲቲዩድ ወይም ኤችፒ ኤሊትቡክ ነው። ሻጩ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ብሎ ይሸጠዋል፤ ገዢውም እሱኑ ሲደግም ይኖራል። ቁም ነገሩ ግን ከሰረዟ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ላይ ነው። አይ5-7200ዩ ከሆነ 7ኛ ጀነሬሽን ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም፤ አይ5-8250ዩ ከሆነ 8ኛ ነው፤ ያልፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው በመልክ አትለዩዋቸውም። ከዚያ ቲፒኤም 2.0 መኖሩን አያለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይኖርና ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ይገኛል። ዲስኩ በአሮጌው በኤምቢአር አከፋፈል ከሆነም መደናገጥ አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለው ኤምቢአር2ጂፒቲ የተባለ መሣሪያ ፋይል ሳይነካ ይቀይረዋል። ባክአፕ ግን ከእሱም ይቀድማል።

ፍተሻውን በማያልፍ ማሽን ላይ በዘዴ አሹልከው የሚጭኑ አሉ። ይሠራል፣ አልክድም። ነገር ግን በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ ማሻሻያ በራሱ ስለማይመጣለት እንደገና በእጅ መጫን አለበት፤ ደንበኛው ይህን ሳይሰማ መሄድ የለበትም። እኔ እንዲህ ላለው ሰው የምመክረው ሌላ ነው። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር፣ ራሙን 8 ጊጋ ማድረስ፣ ዊንዶውስ 10ን ደግሞ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ለሚዘልቀው ተጨማሪ የደኅንነት ድጋፍ ማስመዝገብ። «ተንቀራፈፈብኝ» ብሎ ከመጣው ሰው ብዙው የሚፈልገው ይኸው ነበር፤ ስሙን ስላላወቀው ነው ዊንዶውስ 11 ያለው።

ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል። «ፋይልዎ የት ነው ያለው?» ስላቸው «ሲ ላይ ምንም የለኝም፣ ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ዴስክቶፑ ያለው ሲ ውስጥ ነው። ሲ ፎርማት ሲደረግ የልጆች ፎቶም፣ የመመረቂያ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚወስድብኝ ግን የአማርኛ ጽሑፍ ነው። አንድ የእድር ጸሐፊ የነበሩ አባት ላፕቶፓቸውን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡ «ልጄ፣ የአባላቱ መዝገብ እዚህ ውስጥ ነው፤ አደራህን» አሉኝ። «ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ይክፈቱትና አብረን እንየው» አልኳቸው። ኤክሴሉ ተከፈተ። ሰንጠረዡ ውስጥ የአባላቱ ስም በጥሩ አማርኛ ተደርድሯል። አንዱን ስም ስነካው ግን ከላይ፣ ቀመር በሚጻፍበት መስመር ላይ፣ የወጣው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነበር። እንዲህ ሲሆን ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ነው ማለት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የአገራችን ሰው ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት በለመደው ፎንት መጻፉን አልተወም። በእንደዚህ ያለው ፋይል ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። መዝገቡን በፍላሽ ገልብጦ ማሽኑን ፎርማት ያደረገ ሰው፣ ፋይሉን አትርፎ ፎንቱን ጥሎታል። ስለዚህ ምንም ከመንካቴ በፊት የፎንት ፎልደሩን እንዳለ እገለብጣለሁ፤ የመተየቢያ ፕሮግራሙ ዲስክ ቤት ውስጥ ካለ እንዲያመጡልኝ እለምናለሁ። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየሩ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ከዚህ ጋር አልደባልቀውም።

በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ጣጣው ቀለል ይላል። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረ ፎንት ነው። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 በአዲስ ሲጫን ግን አማርኛን ከቋንቋዎቹ ካልጨመሩ ኒያላ አይገኝም፤ ፊደሉ በኤብሪማ ይታይና ገጹ ይዛነፋል። «ደብዳቤዬ ሁለት ገጽ ሆነብኝ» ብሎ የሚደውል ሰው የገጠመው ይህ ነው።

በሙያችን የማልወደው አንድ ልማድ አለ። ደንበኛው የኢሜይሉን ፓስዎርድ ረስቷል ተብሎ ባለሙያው በራሱ አካውንት ጭኖ ይሰጠዋል። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት በአዲስ ሲጫን በብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩን ራሱ ይቆልፋል፤ መክፈቻው ባለ 48 አሃዝ ቁልፍም የሚቀመጠው በዚያው አካውንት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ባዮስ ሲነካ ማሽኑ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ያለው ባለቤቱ ስሙን እንኳ በማያስታውሰው ልጅ ኢሜይል ውስጥ ነው። ፓስዎርዱ እስኪገኝ ሥራው ይቆይ፤ ቁልፉም በወረቀት ታትሞ ለባለቤቱ ይሰጥ።

ስለ መብራት ብዙ አልልም። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ፣ መብራት ሲመጣና ሲሄድ በሚውልበት ሰፈር፣ ማሻሻያ አልጀምርም።

ፋይሉና ፕሮግራሙ እንዳለ ሆኖ ከ10 ወደ 11 ያለፈ ማሽን፣ አሮጌውን ዊንዶውስ ሲ ላይ ለ10 ቀን ያቆየዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛ እናገራለሁ። አብዛኛው ሰው ግን ኢንተርኔቱና ዩትዩቡ ከሠራለት ሌላውን አይሞክርም። ስለዚህ በሳምንቱ እኔው ራሴ እደውላለሁ፤ መጀመሪያ የምጠይቀውም ስለ ፕሪንተሩ ነው።