«ፊውቸራማ» እና የጠበቀው ውሻ

አንድ ጎልማሳ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ካርቱን ሲጽፍ የሚስቅ አንባቢ አይጠፋም። ይሳቅብኝ። «ፊውቸራማ» ስለሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ካርቱን ብዕር ያነሳሁት፣ ስለ ስደት ከተሠሩ ብዙ ቁም ነገረኛ ፊልሞች ይልቅ እሱ እውነቱን ነግሮኛል ብዬ ስለማምን ነው። ከዚያው እውነት የሸሸበትም ጊዜ አለ፤ ጠቤ ከዚያ ላይ ነው።

ላላያችሁት፣ ማት ግሬኒንግና ዴቪድ ኮኸን የሠሩት ይህ ካርቱን በመጋቢት 1999 (እ.ኤ.አ.) በፎክስ ጀመረ። ፍራይ የሚባል የኒውዮርክ ፒሳ አድራሽ በ1999 የመጨረሻ ሌሊት ሰው አቀዝቅዞ ለመጪ ዘመን በሚያቆይ ማሽን ውስጥ ይወድቅና ከሺህ ዓመት በኋላ ይነቃል። ያን ሁሉ ዘመን ተሻግሮ የተመደበለት ሥራ ምን መሰላችሁ? ዕቃ ማድረስ! (ዲግሪ ይዛችሁ መጥታችሁ ፓርኪንግ ውስጥ የሠራችሁ ሰዎች ይህን ቀልድ የሚተረጉምላችሁ አትፈልጉም።) ጠጪና ሌባው ሮቦት ቤንደርም፣ ባለ አንድ ዓይኗ ካፒቴን ሊላም ያስቃሉ። ቀልዱ ግን ዳር ዳሩን ነው፤ መሐሉ ላይ መመለሻ የሌለው ሰው ተቀምጧል።

በ2001 በታየ አንድ ክፍል ፍራይ ወንድሙ ስሙንና የዕድል ቅጠሉን ሰርቆ ዝነኛ የሆነ ይመስለውና ተናዶ መቃብር ሊቆፍር ይሄዳል። ድንጋዩን ሲያነብ ግን የተቀበረው የወንድሙ ልጅ ነው፤ በጠፋው አጎቱ ስም የተሰየመ። ይህ መልካም ነበር። በኅዳር 2002 የታየው ግን ሌላ ነው። ፍራይ በሙዚየም ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የድሮ ውሻውን ሲይሞርን ያገኛል። ፕሮፌሰሩ ሊያስነሱለት ይችላሉ። ሊሠራ ሲል ውሻው ከእሱ በኋላ 12 ዓመት እንደኖረ ይሰማል። ረስቶኛል፣ ሌላ ሰው ወዶ በደስታ ኖሯል ብሎ ያስቆማል። እኛ ብቻ ቀሪውን እናያለን፦ ውሻው ክረምት ከበጋ በፒሳ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ሲያረጅ፣ በመጨረሻም ዓይኑን ሲጨፍን።

እኔ ከአገር ስወጣ እናቴን «ሁለት ዓመት ነው» ብያት ነበር። አሥራ አራት ሆነ። አንድ ማለዳ ጓደኞቼ ተሰብስበው በሬን ሲያንኳኩ ነገሩ ገባኝ፤ መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ዘመዶች በስልክ «አንተን አታስብ፣ ደስ ብሏት ነው የኖረችው» አሉኝ። አመንኳቸው። ማመኑ ይቀል ነበርና። ፍራይም ያደረገው ይህንኑ ነው። ደራሲዎቹ እሱን እንዲጽናና ትተው እኛን አለማጽናናታቸው ድፍረት ነው።

ድፍረቱ አምስት ዓመት ብቻ ቆየ። ፎክስ በ2003 ካቆመው በኋላ፣ በ2007 በዲቪዲ በወጣው ፊልም ሌላ ፍራይ በጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ከውሻው ጋር 12 ዓመት ኖሯል ይሉናል። ለካስ ሲይሞር ብቻውን አልነበረም! ብዙ ተመልካች እፎይ እንዳለ እገምታለሁ። እኔ ግን ተናደድኩ። ያ ደጃፍ ላይ የተቀመጠው ውሻ የኔ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ወሰዱብኝ። በስልክ ዘመዶቼ የነገሩኝን ያህል ደግ ውሸት ነው፤ የነሱ ግን ቢያንስ ከፍቅር የመጣ ነበር።

በኮሜዲ ሴንትራል ሳለ በ2013 የታየ አንድ ክፍል ዕዳውን በከፊል ከፍሏል። ፍራይ ያንን የ1999 ቀን በሕልም እያየ እናቱን ሊያናግር ይሞክራል፤ አይሆንለትም። በመጨረሻ ወደ እሷ ሕልም ያስገቡትና ያቅፋታል። ወደ ቤት አይመልሱትም፣ ያለፈውንም አያስተካክሉም። እሷ በዚያ፣ እሱ በዚህ፣ ሺህ ዓመት በመካከላቸው።