የ«ኦኒባባ» ጭምብል፦ ተበዳይም በዳይም የሆነ ፊት

እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክን ችቦ የለኮሰው ዮሺኖሪ ሳካይ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ በተጣለበት ዕለት እዚያው ክፍለ ሀገር የተወለደ ወጣት ነበር። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በዚህ ኦሊምፒክ ጃፓን ከፍርስራሽ መነሣቷን ለዓለም አሳየች። ውድድሩ ካበቃ ወር ሳይሞላ ግን የሂሮሺማ ተወላጁ ካኔቶ ሺንዶ «ኦኒባባ» የተሰኘ አስፈሪ ፊልሙን ለእይታ አበቃ። እሱ ያሳየው ፊት ጠባሳው ያልሻረ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሁለት ቤተ መንግሥቶች ስለ ዙፋን ሲዋጉ ገበሬው ከእርሻው እየታፈሰ ይዘምታል። ልጇ የዘመተባት አማትና ባሏ የዘመተባት ምራት ከሰው ቁመት በሚበልጥ ሣር ውስጥ አድፍጠው፣ ከጦር ሜዳ የሸሹ ሳሙራዮችን ይገድላሉ። በመክፈቻው ትዕይንት የቆሰሉ ተዋጊዎችን በጦር ወግተው ጥሩራቸውን ይገፍፋሉ፤ ሬሳውን ጉድጓድ ውስጥ ይጥሉና ጎጆአቸው ገብተው ቃል ሳይተነፍሱ ይበላሉ። የተገፈፈው ጥሩር በእህል ይለወጣል። ለሁለቱ ሴቶች ስም እንኳ አልተሰጣቸውም።

ሺንዶ ጦርነትን ከታች ሆኖ ያውቀዋል። በ1944 ለባሕር ኃይል ተመልምሎ፣ 100 ሰዎች ከነበሩበት ምድቡ በሕይወት ከተረፉት 6 አንዱ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድም የጦር አዛዥ ክብር ያላገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። የጋኔን ጭምብል ያጠለቀው ሳሙራይ መልኬ ውብ ነው እያለ ይመጻደቃል፤ አማቲቱ ጉድጓድ ከትታ ስትገፍፈው የሚታየው ግን የተበላሸ ፊት ነው።

ከዚህ በኋላ ማስፈራራቱ ወደ እሷ ይዛወራል። ምራቷ ከጦርነት የተመለሰ ጎረቤታቸውን ስትወድ፣ አማቲቱ ስለ ሲኦል እየሰበከች ጭምብሉን አጥልቃ በሌሊት መንገድ ትዘጋባታለች። የሚነዳት ቅናት ብቻ አይደለም፤ ብቻዋን ገድላ ማደር አትችልም፣ ምራቷ ከሄደች ረሃብ ይጠብቃታል። ፍርሃት ከጌቶች እጅ ወርዶ የድሆች መግዣ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ የፊልሙ ፖለቲካም ከዚህ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለም።

ዝናብ የመታው ጭምብል ፊቷ ላይ ተጣብቆ በመዶሻ ተሰብሮ ሲወጣ፣ የተላጠው ገጽታዋ የተቀረጸው በቦምቡ ተጎጂዎች አምሳል መሆኑን ሺንዶ ራሱ ተናግሯል። ብዙዎች ፊልሙን የሂሮሺማ ምሳሌ ብቻ አድርገው ማየታቸው ከዚህ የመነጨ ቢሆንም ንባቡ ጠባብ ነው። ቦምብ ከሰማይ ይወርዳል፤ ይህን ጭምብል ያጠለቀችው ግን ራሷ ናት። ሺንዶ የቦምቡን ጠባሳ በነፍሰ ገዳይ ፊት ላይ በማኖሩ፣ ጃፓን ራሷን ንጹሕ ተበዳይ አድርጋ እንድታስታውስ አልፈቀደም። ሴትዮዋ ሰው ነኝ፣ ጋኔን አይደለሁም እያለች ምራቷን ስትከተል የምትጮኸው እውነት ነው፤ ግድያዋም እንዲሁ።

በ1968 በሠራው «ኩሮኔኮ» ሺንዶ ወደ አማትና ምራት ተመልሷል። እዚያ ግን ሴቶቹ በሳሙራዮች ተደፍረው ከተገደሉ በኋላ የሚበቀሉ መናፍስት ናቸው። በደሉ ቀድሞ፣ በቀሉ ተከትሎ ስለሚመጣ ተመልካች ለማን እንደሚፈርድ አይቸገርም፤ «ኦኒባባ» የሚበልጠው በዚህ ነው።