በሕግ አምላክ፣ ያ ካርድ ዛሬ አይሠራም!

የጨዋታ መመሪያ እንደ ሥነ ጽሑፍ ይነበባል ወይ? ይነበባል እላለሁ። ለዓመታት ልቦለድ ሳስተምር ያላገኘሁትን የቃላት ጥንቃቄ እዚያ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ልቦለድ ቢምታታ አንባቢ ያዛጋል፤ መመሪያ ቢምታታ ግን ጓደኛሞች ይኮራረፋሉ።

ካታንን ውሰዱ። ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾች በአንዲት ደሴት ላይ መንገድ እየዘረጉ፣ መንደርና ከተማ እየቆረቆሩ 10 ነጥብ ለመድረስ ይሽቀዳደማሉ። እንጨት፣ ሸክላ፣ ሱፍ፣ ስንዴና ማዕድን ይገበያያሉ። ጭቅጭቁ የሚነሳው ግን «የልማት ካርድ» በሚባሉት በ25ቱ ካርዶች ነው። (ልማት ባለበት ጭቅጭቅ መቼ ይጠፋል!) 14ቱ ፈረሰኞች ናቸው፤ 5ቱ ነጥብ ናቸው፤ የቀሩት 6ቱ መንገድ በነጻ ያሠራሉ፣ ከባንክ ዕቃ ያሰጣሉ፣ ወይም ሞኖፖል ያደርጋሉ።

ደንቡ አጭር ነው። የገዛኸውን ካርድ በዚያው ተራ አትጠቀምበትም። በአንድ ተራ ከአንድ በላይ አታወጣም። ነጥብ ግን ከዚህ ነጻ ነው፤ ለማሸነፍ የሚያበቃህ ከሆነ የዛሬውንም ትገልጣለህ። ለምን? መመሪያው ምክንያቱን አይነግረንም፤ እኔ የምነቅፈውም ይህንኑ ነው። እንደ እኔ ንባብ፣ የሚጎዳ ካርድ አንድ ዙር የሚቆየው ሌላው እንዲጠነቀቅ ነው። ነጥብ ግን ማንንም አይወጋም፤ ስለዚህ መቆየት አያስፈልገውም። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ደንቡን እንደ ግትርነት ያየዋል፤ ሊያጣምመውም ይደፍራል።

ፈረሰኛውን ተመልከቱ። ዳይሱ 7 ሲወጣ ከ7 ካርድ በላይ የያዘ ሁሉ ግማሹን ይጥላል፤ ሽፍታውም ቦታ ይለውጣል። ፈረሰኛም ሽፍታውን ያንቀሳቅሳል። ታዲያ አንዱ ይነሳና «ሽፍታው ከተነቃነቀ ሁላችሁም ግማሹን ጣሉ» ይላል። የለም ጌታዬ! መጣሉ የታሰረው ከዳይሱ ጋር እንጂ ከሽፍታው ጋር አይደለም። የአንድምታ መምህራን ንባቡ ሳይቀና ወደ ትርጓሜ አይገቡም። እዚህም ንባቡ ከቀና ክርክሩ አለቀ።

ከባዱ ሞኖፖል ነው። ስንዴዬን ለሦስታችሁም እሸጥላችኋለሁ፤ በለውጡ እንጨትና ሸክላ እወስዳለሁ። ከዚያ ካርዴን መዘዝ አድርጌ «ስንዴ!» እላለሁ። የሸጥኩት ስንዴ፣ ከራሳችሁም ጋር ተጨምሮ፣ ተመልሶ እጄ ይገባል። ጩኸቱን አስቡት። ደንቡ ግን ይፈቅዳል፤ ካርዱ በተራህ በፈለግከው ሰዓት ይወጣልና። «ደንቡ ይብራራልን» የሚሉት ሰዎች ማብራሪያ አይደለም የሚፈልጉት፣ ሌላ ደንብ ነው። መፈለጋቸው ነውር የለበትም። እኔም ብሆን እንዲህ ካለው ነጋዴ ጋር ሁለተኛ አልገበያይም። ነውሩ ምኞትን «ማብራሪያ» ብሎ መጥራት ነው።

ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በአካባቢያችን ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶች መዝግቧል። እንግዲህ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጠጠር ከመቁጠራቸው በፊት በደንቡ መነጋገር አለባቸው ማለት ነው። ካታንም እንደዚሁ ነው። ከወደዳችሁ ሞኖፖሉን ከገበያ በፊት ብቻ ይውጣ በሉ፣ ግን ካርድ ከመታደሉ በፊት በሉት። ማን ምን እንደያዘ ከታወቀ በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ ፍርድ ነው፤ ያውም ድምፁ ለሚጎላው የሚያደላ ፍርድ።

ይህ በሰሌዳ ላይ ብቻ አይቀርም። በየቢሮው «መመሪያው እንዲህ ማለቱ ነው» ስንባል አንዲት ጥያቄ ትበቃናለች፦ የእኔ ጉዳይ ሳይመጣስ፣ ትናንት እንዲህ ይል ነበር ወይ?