በላይነሽ እና በላይነህ

በ2016 ክረምት ነው። ካዛንቺስ፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። ከመሃላችን ብቸኛዋ ሴት ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ወረወረች፤ ሃያ ወጣ። በላይነሽ የምትባለው ጦረኛ ካራክተሯ ድልድዩን የዘጋውን ሽፍታ በአንድ ምት ጣለችው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ከወንዶቹ አንዱ ብድግ ብሎ «በላይነህ! በላይነህ!» እያለ አጨበጨበ፤ ሌሎቻችንም ተቀበልነው። እኔ ዲኤም ነበርኩ፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራውና ሕጉን የሚዳኘው ሰው። ከሁሉም በላይ የሳቅኩትም እኔ ነኝ።

እሷም ሳቀች። ሁለት ሳምንት መጣች፤ ከዚያ ቀረች።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ በአጭሩ ዲኤንዲ፣ ተረት ተረት ከዳይስ ጋር ነው ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካራክተር ይፈጥራል። ዲኤሙ «ከፊታችሁ ወንዝ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል፤ የሚያጠራጥር ነገር ከሆነ ዳይስ ይወስናል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም። ስለዚህ ጨዋታው ጥሩ ነው መጥፎ ነው ስንል፣ የምንገመግመው መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ጠረጴዛውንም ነው።

ከመጽሐፉ ልጀምር። ጨዋታው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በ1976 የአሳታሚው መጽሔት «ዘ ድራገን» በሦስተኛ እትሙ ስለ ሴት ካራክተሮች አንድ የሕግ ሐሳብ አወጣ። በዚያ ሐሳብ መሠረት ሴት ካራክተር ሰውን የመሳብና የመምራት ችሎታን በሚለካው ነጥብ ፋንታ «ውበት» የሚል ነጥብ ይሰጣታል፤ ወንድ የማማለል ኃይልም ይጨመርላታል። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ደግሞ ነገሩን ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባው። ጉልበት ከ3 እስከ 18 ይለካል። 18 የደረሰ ጦረኛ ከመቶ ሌላ ቁጥር ይወረውራል። ሰው የሆነ ወንድ እስከ 100 ይሄዳል፤ ሴቷ 50 ላይ ትቆማለች። በሌላ ችሎታ የሚካካስ ነገርም የለም።

ይሄን ስነግረው የሆነ ሰው ሁልጊዜ «ወንድ በተፈጥሮው ጠንካራ ነው፤ መጽሐፉ ያለውን እውነት ነው የጻፈው» ይለኛል። እንግዲህ ዘንዶ እሳት የሚተፋበት፣ ከገደል የወደቀ ጀግና ልብሱን አራግፎ የሚነሳበት መጽሐፍ ነው። እውነታ የሚፈለገው ሴቷ ጋ ሲደርስ ብቻ ከሆነ፣ ጉዳዩ እውነታ አይደለም። ሲስተም ውስጥ ያለ ገደብ ሁሉ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው መስመር ነው። ኮድ የምትጽፉ ታውቁታላችሁ።

ሴቶች ስላልነበሩ ነው እንዳይባል፣ ነበሩ። ሊ ጎልድ ስለ ሮልፕሌይ የሚጽፉ ሰዎችን የሚያሰባስብ መጽሔት ማዘጋጀት የጀመረችው በ1975 ነው። ጂን ዌልስ በ1979 በአሳታሚው ድርጅት የዲዛይን ክፍል የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ተቀጠረች። በ1981 ያወጣችው የጀብዱ መጽሐፍ ግን እንደወጣ በራሱ በድርጅቱ ተሰበሰበና በሌላ ሰው እጅ ተከልሶ ታተመ። የጉልበቱ ገደብ በ1989 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ተሰረዘ። እኛ የምንጫወተው የ2014ቱ እትም ደግሞ ጾታ ጥቅምም ጉዳትም እንደማያመጣ በግልጽ ይናገራል።

እንግዲህ መስመሩ ከጠፋ፣ በላይነሽ ምን ሆነች?

መልሱን ለማግኘት ጊዜ ወስዶብኛል። የጀመርኩት ከአማርኛው ነው። በእንግሊዝኛ ዲኤሙ ተጫዋቹን የሚጠይቅበት «ዩ» ጾታ የለውም። እኔ ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ምን ታደርጋለህ?» ወይም «ምን ታደርጊያለሽ?» ብዬ መምረጥ አለብኝ። መጽሐፉ የተወውን ጥያቄ ግሱ በየደቂቃው ይጠይቀኛል።

ከመሃላችን አንዱ ወንድ መድኃኒት ቀማሚ አሮጊት ሆኖ ሊጫወት ጀምሮ ነበር። «አንቺ እማማ፣ ምን ታደርጊያለሽ?» ስለው ጠረጴዛው በሳቅ ይሞታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳቁ ሰልችቶት ይሁን አፍሮ እንጃ፣ ሁላችንም «አንተ» ወደማለት ተመለስን፤ አሮጊቷም ሳይነገር ሽማግሌ ሆነች። ወንዱ «አንቺ» ሲባል ቀልድ ነው። ሴቷ «በላይነህ» ስትባል ግን ሹመት ነው። ስለ ሴት አርበኞቻችን ስናወራም «ወንድ ናት» ማለት ይቀናናል፤ ሸዋረገድ ገድሌን የመሰለች ሴት እንኳ ከዚህ የተሻለ ምስጋና ሳናገኝላት እንቀራለን።

ይሄ ያው የ1978ቱ ሠንጠረዥ ነው። እዚያ ሴት 50 ላይ ትቆማለች። እኛ ጋ 50ን ማለፍ ትችላለች፤ ካለፈች በኋላ ግን ስሟ የወንድ ይሆናል። በሁለቱም ከ50 በላይ ያለው ቦታ የወንድ ነው።

ጥፋቱን በሙሉ በቋንቋ ላይ ማላከክ ደግሞ ለእኔ በጣም ይመቸኝ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የኛም ቢሮ ሄደች። ጨዋታውን ወደ ቂርቆስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ወዳለ የጓደኛችን ቤት አዛወርነው። ያኔ ደወልኩላት። ስለ ስሙ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ስሙን ተወው። እሱ ባለፈው ሳምንት ሃያ ወታደር ሲያዝ ዝም ብለህ ‹እሺ ሄዱ› አልክ። እኔ አምስት ሰው ሳዝ ‹ይታዘዙሽ እንደሆነ ወርውሪ› አልከኝ። ለምን?»

«ዘመኑ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ታሪካችንን ያስቀመጥኩት በዘመነ መሳፍንት ነበር፤ «በዚያ ዘመን ሴት ጦር አታዝም» የሚለውም ክርክር ጠረጴዛው ላይ ተነስቶ ያውቃል። እሷ ያኔውኑ መልሳለች፦ የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የሆኑትን ካሳን ለመውጋት ራሳቸው ጦር መርተው ወጥተዋል፤ በ1839 ዓ.ም. የተማረኩትም በዚያው ነው። ተሸነፉ እንጂ ወታደሩ አልታዘዝም አላላቸውም። ይህን ሰምቼ «አሪፍ ፋክት ነው» ብዬ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዳይስ አስወረወርኳት።

ቀጥላ ያላሰብኩትን ነገር ጨመረች፦ «ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ‹አንድ ውጊያ ብቻ ቀረን› ስትሉ፣ እኔ ሰሚት ድረስ ራይድ የማገኝበትን እያሰብኩ ነው። ለዚያ ነው የምቸኩለው። እናንተ ‹ጨዋታው ብዙም አልገባትም› ትላላችሁ።»

ብለን ነበር። እኔም ብያለሁ።

የተመለሰችው በሁለት ለውጥ ነው። አንደኛ፣ ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ይጀምራል፤ ሳይመሽ ያልቃል። ሁለተኛውን እየሳቀች ነው ያመጣችው፦ «ለዘመኑ ታማኝ ነን ካላችሁ፣ ጦር መሪ ‹አንተ› ይባላል እንዴ?» ከዚያን ቀን ጀምሮ ካራክተሮቻችን ሁሉ አንቱ ተባሉ። «ምን ያደርጋሉ?» እላለሁ። «እርስዎ» ወንድም ሴትም አይመርጥም፤ ለካ ሦስተኛው መንገድ እናቶቻችንና አባቶቻችንን የምንጠራበት ነበር። አሮጊቷ መድኃኒት ቀማሚም ተመልሳ መጣች፤ «እርስዎ» ሲባል የሚስቅ ጠፋ።

ግን አንቱታ ዳኛውን አያስተካክልም። ለዚያ ሌላ ነገር ጀመርኩ፦ ለሚመጣው ሁኔታ ዳይስ ያስፈልጋል አያስፈልግም፣ ስንትስ ይበቃል የሚለውን ማን እንደሚሞክረው ሳላውቅ አስቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ የተጻፈውን እከተላለሁ። መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎኝ ነበር። አይደለም። እጄ ስንቴ «እዚህ ጋ ግን…» ብሎ ቁጥሩን ሊቀይር እንደሚቃጣው ሳይ፣ የድሮውን ሠንጠረዥ የጻፉትን ሰዎች እንደ ድሮው በሩቁ መፍረድ አቃተኝ። እነሱ ቢያንስ ገደቡን ጽፈውታል፤ ስለተጻፈም ሰው አይቶት ተከራክሮበት ሊሰረዝ ቻለ። የኔ የትም አልተጻፈም ነበር።

ዲኤንዲን እወደዋለሁ፤ ሞክሩት እላለሁ። የዛሬው መጽሐፍ ከ1978ቱ እጅግ የተሻለ ነው። ዲኤም ከሆናችሁ ግን አንድ ነገር አድርጉ፦ ጠረጴዛችሁ ላይ ማን ሳይጠየቅ እንደሚያልፍ፣ ማን ደግሞ ወርውር ወይም ወርውሪ እንደሚባል ለአንድ ወር መዝግቡ።

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ሃያ ወጣላት። ሁላችንም ለመጮህ አፋችንን ከፈትን፤ ለአፍታ ምን እንደምንል ጠፋን። ያ ያኔ ያጨበጨበው ልጅ ነው ቀድሞ «በላይነሽ!» ያለው። ጥሩ ቀን ነበር። ግን ከስድስታችን ሴት አሁንም እሷ ብቻ ናት።