ሕይወት ያላቸውንና የሌላቸውን ነገሮች ለይቶ ማስተማር፦ ከአሶሳ አካባቢ አኳያ የቀረበ ሂስ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ክፍሎች ከሚሰጡት የአካባቢ ሳይንስ ርእሶች መካከል ሕይወት ያላቸውንና ሕይወት የሌላቸውን ነገሮች የመለየት ትምህርት እጅግ ቀላል ከሚባሉት ወገን ይቆጠራል። እንደተለመደው መምህሩ ሰሌዳውን በአንድ መስመር ለሁለት ይከፍላል፤ በአንደኛው ወገን ሰው፣ ላምና ዛፍ፣ በሌላው ድንጋይ፣ ወንበርና ውሃ ይሰፍራሉ። ከዚያም መንቀሳቀስ፣ መመገብ፣ መተንፈስ፣ ማደግና መራባት የሕይወት ምልክቶች መሆናቸው በቃል ይጠናል። ይህ አቀራረብ ለፈተና ይመቻል፤ ነገር ግን መሠረታዊ ጉድለት አለበት። ሕይወት የሚታወቀው በጊዜ ሂደት ነው፤ ሰንጠረዡ ግን ጊዜ የለውም።

የሕፃናት አስተሳሰብ ይህን ጉዳይ ቀላል እንዳይሆን ያደርገዋል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው፣ ሕፃናት በመጀመሪያ አንዳች ሥራ የሚሠራውን ሁሉ፣ ቀጥሎም የሚንቀሳቀሰውን፣ ከዚያም በራሱ የሚንቀሳቀሰውን ሕይወት አለው ይላሉ፤ ዘግይተው ሕይወትን በእንስሳትና በዕፅዋት ይወስናሉ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሕፃናት ፒያዤ ከገመተው የበለጠ እንደሚያውቁ አሳይተዋል። ጃፓናዊቷ ካዮኮ ኢናጋኪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ጥናት፣ በቤታቸው ወርቃማ ዓሣ ያሳደጉ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ስለማያውቁት እንስሳ፣ ስለ እንቁራሪት እንኳ፣ የተሻለ ምክንያት ሰጥተዋል። ዕውቀቱን ያዳበረው ከትርጓሜ ጥናት ይልቅ እንክብካቤና ክትትል ነበር ማለት ነው።

የማስተማሪያው ቋንቋም የራሱ እንቅፋት አለው። በአማርኛ ባትሪ «ሞተ»፣ ገበያ «ሞተ» ይባላል፤ ዛፍ ግን «ደረቀ» እንጂ «ሞተ» ሲባል እምብዛም አይሰማም። ሞትን ለባትሪ ሰጥቶ ለዛፍ በነፈገ አነጋገር ያደገ ልጅ «የሚሞት ነገር ሕይወት አለው» የሚለውን መለኪያ ሲሰማ ቢሳሳት የሚያስወቅሰው አይደለም። በአሶሳ አካባቢ ጉዳዩ የበለጠ ይወሳሰባል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሠፈራ ከወሎ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችና የበርታ ልጆች የሚማሩት በአንድ አካባቢ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በርታ፣ ጉሙዝና ሽናሻ ቋንቋዎች ወደ ክልሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። ሦስቱም ከአማርኛ የራቁ ስለሆኑ የአማርኛውን ዝርዝር ቃል በቃል መመለስ አይበቃም። በእያንዳንዱ ቋንቋ ምን «ይሞታል»፣ ምን «ያድጋል» እንደሚባል አስቀድሞ መጠየቅ የመጽሐፍ አዘጋጁ ግዴታ ነው።

ዝርዝሩ በአካባቢው ነገሮች ሲፈተን ድክመቱ ጎልቶ ይወጣል። የዳቡስ ወንዝ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል፤ ሕይወት ግን የለውም። ኩይሳ ከዝናብ በኋላ ከፍ ይላል፣ ሲፈርስም ተመልሶ ይጠገናል፤ ሕይወት ያላቸው ግን ውስጡ ያሉት ምስጦች ናቸው። የአጥሩ ሽመል ትናንት ሕይወት ነበረው፣ ዛሬ የለውም፤ «ሕይወት የነበረው» የሚባል ሦስተኛ ዓምድ በሰሌዳው ላይ ስለሌለ ልጁ የት ያስቀምጠው? በበጋ እሳት የነደደው የሣር ተዳፋት በዓይን ሲታይ የሞተ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የበቆሎ ፍሬም በጎተራ ሳለ ከጠጠር ያልተለየ ይመስላል።

ከሁሉ የሚያስተምረው ሽመል ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በስፋት የሚገኘው ይህ የቆላ ቀርከሃ ለአጥር፣ ለቤት ግድግዳና ለአልጋ ይውላል፤ የክረምት ቡቃያውም ይበላል። ለአሥርት ዓመታት ሳያብብ ቆይቶ በጅምላ ያብባል፣ ዘሩን ጥሎም ይደርቃል። ያን ጊዜ ቆሞ የሚታየው ግንድ የሞተ ሲሆን ሕይወት ያለው በአፈሩ ላይ የወደቀው ዘር ነው። ይህን ያልተገነዘበ ትውልድ ጫካው አልቆለታል ብሎ መሬቱን ሊያቃጥለውና የሚተካውን ዘር አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። የዚህ ትምህርት ስኬትና ውድቀት ከፈተና ውጤት በላይ መዘዝ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለሆነም ርእሱ በአንድ ሳምንት ተጀምሮ እንዳያልቅ በዓመቱ ላይ ሊከፋፈል ይገባል። የአሶሳ ዝናብ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በመስከረም ተማሪዎች የበቆሎ ፍሬና ጠጠር ጎን ለጎን ቀብረው ይከታተሉ፤ በየካቲት የደረቀውን ሣር አይተው ግምታቸውን ይስጡ፤ በግንቦትና በሰኔ ወደዚያው ቦታ ተመልሰው ግምታቸውን ይመርምሩ። የክፍለ ጊዜ እጥረትና የተማሪ ብዛት ተቃውሞ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ሆኖም በጠቅላላው የሚጠየቀው ጊዜ ከቀድሞው ብዙም አይበልጥም፤ የሚለወጠው አከፋፈሉ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያም እፍኝ ፍሬ፣ ጥቂት ጠጠርና የትምህርት ቤቱ ግቢ ብቻ ነው።

ፈተናውም አብሮ መለወጥ አለበት። «ዛፍ ሕይወት አለው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚለው ጥያቄ የሚለካው ትውስታን ነው። «ይህ ፍሬ ሕይወት እንዳለው በምን ታውቃለህ?» የሚለው ግን የልጁን ምክንያት ያወጣል። «ቀብሬው ውሃ አጠጣሁት፣ ጠብቄም አየሁት» ብሎ የሚመልስ ልጅ፣ አምስቱን ምልክቶች በቃሉ ከሚያነበንበው ይልቅ የሳይንስን መንገድ ጀምሯል።