የሌሉ ሰዎች ሠዓሊ
ሊኔት ያዶም-ቦአቼ የምትሥላቸው ሰዎች በምድር ላይ ኖረው አያውቁም። ከፊቷ ተቀምጦ የሚሣል ሰው የለም፤ ከሰበሰበቻቸው ምስሎች፣ ከትዝታዋና ከምናቧ ትፈጥራቸዋለች። ስለዚህ የሰው ምስል ባየን ቁጥር አፋችን ላይ የሚመጣው «ይመስላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ አይሠራም። የሚጠየቀው፣ ይህ ያልተወለደ ሰው በእርግጥ ያለ ሆኖ ይታያል ወይ የሚለው ነው።

ሠዓሊዋ እ.ኤ.አ. በ1977 ከጋናውያን ወላጆች ለንደን ውስጥ ተወለደች። ትምህርቷን በ2003 ሮያል አካዳሚ ውስጥ አጠናቀቀች፤ በ2013 ለተርነር የሥነ ጥበብ ሽልማት ታጨች፤ በ2018 የካርኔጊን ሽልማት ወሰደች። በ2020 ደግሞ የለንደኑ የሥዕል ሙዚየም ቴት ብሪተን ሰፊ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀላት።

ሥራዋን መመዘን የሚፈልግ ከጨለማው ይጀምር። ብዙዎቹ ሥዕሎቿ ጠቆር ባለ መደብ ላይ የቆመ ጥቁር ሰው ያሳያሉ፤ የችሎታዋ ፈተናም እዚሁ ላይ ነው። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት እንደገባ ሰው ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል። ዐይን ሲለምድ ጥቁር የመሰለው ሁሉ ይከፋፈላል፤ ከቡናማው ሥር አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አንዳንዴም ቀይ ብቅ ይላል። በምርጦቹ ሥራዎች ጉንጭን ከመደቡ የሚለየው ዙሪያውን የተሰመረ መስመር ሳይሆን የቀለሙ ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። ይህን ፎቶግራፍ አያሳይም፤ በስልክ መስታወት ላይ ሁሉም አንድ ጥላ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሥራዋን ሳያዩ ያጣጣሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም ብሎ መገመት ይቻላል።

ቀጥሎ እጅና እግር ይታይ። ለረጅም ጊዜ አንድን ሥዕል በአንድ ቀን በመጨረስ ትታወቅ ነበር። የዘይት ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ቀለም ስለሚደረብበት ጠርዙ ይዋሃዳል፤ እያረሙ መመለስም ይከብዳል። እንግዲህ ጣቶቹ በጥቂት የብሩሽ ጭረት ተሠርተው ውስጣቸው አጥንት እንዳለ ከተሰማ ሥራው ተሳክቷል። ድፍን ሆነው ከቀሩ ግን ፍጥነቱ ሥዕሉን ጎድቶታል፤ የፊቱ ውበትም አያድነውም።

እግሮቹ ብዙውን ጊዜ ባዶ ናቸው። ጫማ ዘመንን ያሳብቃልና ሆን ብላ ትተወዋለች። በ2011 «ኮንዶር ኤንድ ዘ ሞል» ብላ በሰየመችው ሥዕል ሁለት ልጃገረዶች ባሕር ዳርቻ ላይ ይታያሉ፤ የት አገር፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚነግር ምልክት የለም። ርዕሱም አይነግርም። እሷ ታሪክና ግጥም የምትጽፍ ሰው ናት፤ ርዕስን እንደ አንድ ተጨማሪ የብሩሽ ጭረት እንጂ እንደ ማብራሪያ አትጠቀምበትም። ከርዕሱ ትርጉም ለመፍታት የሚደክም ተመልካች ሥዕሉ ያመልጠዋል።

በአውሮፓ የቆየ ሥዕል ጥቁር ሰው ሲታይ በአብዛኛው ከጠርዝ ቆሞ የሚያገለግል ነበር። የቀደሙትን አውሮፓውያን ሠዓሊዎች የማኔን፣ የዴጋንና የሲከርትን ሥራ ጠንቅቃ የምታውቀው ያዶም-ቦአቼ መሐሉን ሰጠችው፤ ያርፋል፣ ይስቃል፣ ያስባል፤ ለማንም ስለራሱ አያስረዳም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ማንን እንደሣለች ብቻ እያነሡ ማወደስ እጇን መዘንጋት ይሆናል፤ ከዘመኗ ሠዓሊዎች መካከል ጨለማን እንደ እሷ በቀለም የሞላ ጥቂት ነው። ሥራዋ በተሰቀለበት አዳራሽ የሚያልፍ ሰው ስልኩን ኪሱ ይክተት፤ መጀመሪያ ቀረብ፣ ቀጥሎ ወደ ጎን ፈቀቅ እያለ ይመልከት።