የመጀመሪያ ድሮን ለእንጭኒ ሰማይ

ሠርግ የሚቀርጹ ወጣቶች እየደወሉ «የትኛው ድሮን ነው ካሜራው የሚሻለው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «ከየት ልታስነሡት ነው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ጥያቄያቸውን የሸሸሁ ይመስላቸዋል። እንጭኒ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን የመጀመሪያ ድሮን ምርጫ የሚጀምረው ከሌንሱ ሳይሆን ከመነሻው መሬት ነው፤ ከመሬቱ ከፍታ፣ በመሬቱ ላይ ከሚኖረው ሰው፣ ከሀገሩ ሕግ። ካሜራውማ በስልክና በቴሌቪዥን ለሚታይ የሠርግ ፊልም የማያንስ በየሱቁ ሞልቷል።

ከፍታውን ላስቀድም። እንጭኒ የአዳ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የቆመችው በ2,600 ሜትር ግድም ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ይልቅ ይሳሳል፤ የጎደለው ሩብ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከአሥር በመቶ በላይ ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። ሞተሩ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድሮኑ ለክፉ ጊዜ ያስቀመጠው ትርፍ ጉልበት ይቀንሳል። በኢንተርኔት የሚታየው አብዛኛው የድሮን ምክር የተሰጠው ይህ ችግር በሌለበት ቆላ ነው።

ስለዚህ ወጣቶቹን ከዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ የማስነብባቸው መስመር ድሮኑ ሊነሣበት የሚችለውን የመጨረሻ ከፍታ የሚናገረውን ነው። ዲጄአይ የሚባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ኒዮ 135 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ክንፎቹ በመከለያ የተሸፈኑ ናቸው፤ ከእጅ መዳፍ ላይ ይነሣል። ለጀማሪ የተሠራ ነው ቢባል ማንም ያምናል። ግን አምራቹ ራሱ የጻፈለት የመነሻ ከፍታ ጣሪያ 2,000 ሜትር ነው። በዚህ ልክ ከሆነ እንጭኒን ተዉት፣ አምቦ ከተማም አዲስ አበባም ከጣሪያው በላይ ናቸው። ይነሣ ይሆናል። ነፋስ ሲገፋው ወይም ሲወርድ ሚዛኑን ሲስት ግን የሚጨምረው ጉልበት አያገኝም። የዚያው ኩባንያ ሚኒ 2፣ ሚኒ 3 እና ሚኒ 4 ፕሮ ግን 249 ግራም ግድም ሆነው በመደበኛው ባትሪያቸው እስከ 4,000 ሜትር ተፈቅዶላቸዋል። ከላይ የተነሡት የወንጪ ሐይቅ ምስሎች ብዙ ወጣት ድሮን እንዲመኝ አድርገዋል፤ ወንጪን የከበበው ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑን ካሰብን ይህ ልዩነት የወረቀት ጨዋታ አይደለም።

ደቂቃውም እንዲሁ ነው። በሚኒ 3 ካርቶን ላይ 38 ደቂቃ የሚል አለ። ያ ቁጥር የተለካው ነፋስ በሌለበት፣ በባሕር ጠለል ደረጃ፣ ድሮኑ በአንድ ፍጥነት ሲበር ነው። እኔ ከተጻፈው ላይ ሲሶውን ቀንሼ ነው ሥራ የማቅደው። ለዚህም ነው ገንዘቡ ለተሻለ ካሜራ ወይም ለተጨማሪ ባትሪ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ያለማመንታት ባትሪውን ግዙ የምለው፤ ቢቻል ሦስት ባትሪ፣ ከዚያም መለዋወጫ ፕሮፔለር።

ሴንሰር በብዛት ያለው ይሻላል ወይ ለሚለው መልሴ አዎ ነው፣ ግን በልክ። ሚኒ 4 ፕሮ በዙሪያው ያለውን ያያል፤ ሚኒ 2 እና ሚኒ 3 የሚያዩት ከሥራቸው ያለውን ብቻ ነው። የእኛ ሀገር እንቅፋት ግን የባሕር ዛፍ ጭራሮና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ እነዚህን ውዱም ድሮን በደንብ አያያቸውም። የታችኛው ሴንሰርም በነፋስ የሚወዛወዝ ጤፍ ላይ ይወናበዳል፤ መሬቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ ባትሪው አለማበጡን በጣቱ ይዳስስ፣ ስንት ጊዜ ቻርጅ እንደተደረገ በአፑ ላይ ይመልከት፣ ካሜራውን የያዘው ጊምባል ሳይንቀጠቀጥ መዞሩን ይይ፣ ከቀድሞው ባለቤት አካውንት መላቀቁንም ያረጋግጥ።

ይህ ሁሉ ግን ፈቃድ ካለ ነው። በእኛ ሀገር ድሮን ከማስገባትም ከማብረርም በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የሚያልፈው በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩል ነው። ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ በሻንጣ ይዞልኝ ይመጣል ብሎ ማሰብ ዘመዱን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ማስጨነቅ ነው፤ ዕቃው እዚያው ይያዛል። «ከ250 ግራም በታች ስለሆነ ፈቃድ አያሻውም» የሚለውን ወጣቶቹ ከቪዲዮ ነው የሰሙት። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ የሚያበርር ሰው ከዚያ ክብደት በታች ያለውን ሳያስመዘግብ ሊያበርር ይችላል፤ አውሮፓም የቀለለ ደንብ አለው። የእኛ ሕግ ግን ያ አይደለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ገንዘብ ነው። ፈቃዱ ከተገኘም በኋላ ለወረዳው አስተዳደርና ለፖሊስ የሥራውን ቀንና ቦታ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ቅጂው ከኪስ አይለይም። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ሲመጣ መንገዱ የሚገነጠለው ሆለታ ላይ ነው፤ እዚያ የጦር ትምህርት ቤት አለ። ከእኛ አልፎ ወደ ሙገር ሲወረድ የሙገርና የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች አሉ። በእነዚህ ቦታዎች አጠገብ መኪና አቁሞ ድሮን ማውጣት በምንም ምክንያት አይታሰብ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ባለፉት ዓመታት በትግራይ፣ በአማራና በኦሮሚያ በታጠቀ ድሮን ዘመዱን ያጣ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ የትኛው ሠፈር እንዳለ፣ ለሠርጉ ከተጠሩት መካከልም ማን እንደሆነ ቀራጩ አያውቅም። የእኛ ትንሽ ካሜራ ከዚያ መሣሪያ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ከመሬት ሆኖ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው ግን ይህ አይታወቅም፤ እንዲያውቅም አይገደድም። ልጆቿን ሰብስባ ቤት የምትገባ እናት ስህተት አልሠራችም። ማስረዳት ያለበት ዕቃውን ያመጣው ሰው ነው።

ስለዚህ እኔ ከሠርጉ አስቀድሜ ወደ ቀበሌው እሄዳለሁ። የምገናኘው ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው፤ ንግግሩም በኦሮምኛ ነው። ድሮኑን ፕሮፔለሩን ነቅዬ እጃቸው ላይ አኖረዋለሁ። ክብደቱን ያዩታል፣ ሌንሱን ይነኩታል፣ ከሥሩ የተንጠለጠለ ሌላ ነገር እንደሌለ ያረጋግጣሉ። ከዚያ ፈቃደኛ ከሆኑ ባዶ ሜዳ ላይ አስነሥቼ ስክሪኑን አሳያቸዋለሁ፤ ድምፁንም ያን ጊዜ ይለምዱታል። አንድ አዛውንት ስክሪኑን በጋቢያቸው ከፀሐይ ከልለው ብዙ ካዩ በኋላ የጠየቁኝ ስለ ጦር መሣሪያ አልነበረም።

«ይህ ነገር መሬት ይለካል እንዴ ልጄ?»

«አይ አባቴ፣ ሙሽሮቹን ለመቅረጽ ነው ያመጣሁት።»

«ድንበሩ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

እውነታቸውን ነበር። የእሳቸው ማሳና የጎረቤታቸው ማሳ የሚለያዩበት የሣር ጠርዝ ከላይ ሲታይ በእርሳስ የተሰመረ ያህል ነበር። የድንበር ክርክር ባለበት አገር እንዲህ ያለ ምስል በማን እጅ እንደሚገባ መጨነቃቸው ተገቢ ነው። «እንግዲያው በእኔ ማሳ በኩል አታሳልፈው» አሉኝ፤ በወንዙ ማዶ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ የሙሽራውን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ያሉትን የማሳ ባለቤቶች ሁሉ ማስፈቀድ የሥራዬ አካል ሆኗል።

ሁለተኛው የማልደራደርበት ፈረስ ነው። በእኛ በኩል ሙሽራ በፈረሰኛ ይታጀባል፤ በገበያ ቀንም መንገዱ ፈረስና በቅሎ ነው። ከራሱ በላይ ድሮን ሲነዝር የሰማ ፈረስ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ አንገቱን ያነሣል፤ ቀጥሎ የሚሆነው በላዩ በተቀመጠው ሰው ዕድል ላይ ነው። ስለዚህ ፈረሰኞቹን ከጎን፣ ከሩቅ፣ ኮርቻው ላይ ያሉት ሰዎች አውቀውት ነው የምቀርጸው። በራሳቸው አናት ላይ አላልፍም፤ ቤተሰቡ ቢለምነኝም አላልፍም።

ዝግጅቱ ከዋዜማው ማታ ይጀምራል። የአፑና የድሮኑ አፕዴት፣ የአካባቢው ካርታም ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቤት ይጠናቀቃል፤ ሜዳ ላይ ሆኖ «አፕዴት አድርግ» የሚል ጽሑፍ መጠበቅ የለም። መብራት ስለማይታመን ባትሪ የሚሞላው በመጨረሻው ሰዓት አይደለም። ከርሞ የሚቀመጥ ባትሪ ግን ሞልቶም ባዶም መሆን የለበትም፤ 60 በመቶ ግድም ላይ ይተዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ አለ፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ሙሉ እያሳየ ድንገት ይወርዳል። ባትሪዎቹን በካፖርቴ የውስጥ ኪስ፣ ከሰውነቴ ጋር አስጠግቼ ነው የምወስዳቸው፤ ከተነሣም በኋላ ጥቂት በዝቅታ አቁሜ አሞቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ግን ድሮኑ ሳጥኑ ውስጥ ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ጭጋጉም ዝናቡም ለእነዚህ ዕቃዎች አይሆንም።

ለመጀመሪያው በረራ እንጭኒን የሚያህል ቦታ የለም፤ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የተንጣለለ ሜዳ ሞልቷል። ከቆርቆሮ ጣሪያና ሲሚንቶ ከሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች ራቅ ይባል፤ ብረት ኮምፓሱን ያሳስተዋል። ከአውድማም ራቅ ይባል፤ ገለባና አቧራ ሞተር ውስጥ ይገባል። እኔ መሬት ላይ ንጹሕ ጆንያ አንጥፌ አራቱን ጠርዝ በድንጋይ እይዘዋለሁ። ድሮኑ በቂ ሳተላይት አግኝቶ የመነሻ ቦታውን መመዝገቡን እስኪናገር መታገሥ ያስፈልጋል፤ ያን ሳይጠብቅ የተነሣ ድሮን የት እንደሚመለስ አያውቅም። ከዚያ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ አድርጎ ማቆምና ማየት። ወደ ጎን ይንሸራተታል? ድምፁ ተለወጠ? ደህና ከሆነ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ። ቀጥሎ አፍንጫውን ወደ ራስ አዙሮ ያንኑ መድገም፤ ያኔ ግራና ቀኝ ይገለበጣል፤ ጀማሪ ድሮኑን ከዛፍ ጋር የሚያጋጨው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ራሱ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገውን ቁልፍ ከመልመድ በፊት በእጅ መልሶ ማሳረፍ ይለመድ። ሠርግ የሚመጣው ይህ ሁሉ እጅ ከገባ በኋላ ነው።

የሙገር ገደል ግን ከሁሉም በኋላ ነው። ሁሉም የሚመኘው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከፍታ የሚቆጠረው ከተነሡበት ቦታ እንጂ ድሮኑ ካለበት ሥር ካለው መሬት አይደለም። ከአፋፉ ተነሥቶ ወደ ገደሉ የወረደ ድሮን ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ለመመለስ ያንን ሁሉ መውጣት አለበት፤ መውጣት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ባትሪ የሚበላው ነው። ከገደሉ ሥር ካለው ወንዝ ዳር ለተነሣ ደግሞ የመመለሻ ከፍታውን 120 ሜትር ሞልቶ መተው አይረዳም፤ አፋፉ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ድሮኑ ከዐለቱ ጠርዝ ሥር ሲገባ ከሪሞቱ ጋር ያለው ግንኙነት ይቆረጣል፤ ስለዚህ ዓይን ከሚያየው በታች አይወረድም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በአፋፉ ላይ እየተገለበጠ ወደ ታች ይጫናል፤ ሚኒን የሚያህል ድሮን የሚችለው በሰከንድ 10 ሜትር ግድም የሆነ ነፋስ ነው። ባትሪው ግማሽ ላይ ሲደርስ ከገደሉ አወጣዋለሁ።

ጥንብ አንሳዎቹና ንስሮቹም አሉ። ፀሐይ ዐለቱን ስታሞቀው ሞቃቱን አየር ተከትለው ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ድሮኑን እንደ ባላጋራ ያየዋል። የሚመቱት ከላይ ስለሆነ ሲጠጉ ወደ ታች መሸሽ አያዋጣም፤ ከፍ እያሉ ከአካባቢው መውጣት ነው። እኔ ግን የገደሉን ሥራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ጨርሼ ባትሪዎቹን ሰብስቤ ወደ ሠርጉ ቤት እሄዳለሁ።